የ«ሃውስ» ሥርዓትና የተማሪው ማደሪያ በጎንደር

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ጎንደር ሄደን በነበረበት ጊዜ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ባንድነት በሚማሩበት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህር አንድ የዕቅድ ጽሑፍ አሳይተውን ነበር። ጽሑፉ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ሁሉ በአራት «ሃውስ» እንዲመደቡ የሚያሳስብ ነው። የሃውሶቹ ስም ፋሲል፣ ኢያሱ፣ ምንትዋብና ቴዎድሮስ ሲሆን፣ ለያንዳንዱ አንድ ቀለም፣ አንድ ባንዲራ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አለቃ ተመድቦለታል። በእግር ኳስ፣ በሩጫ፣ በጥያቄና መልስ፣ በክፍል ጽዳትና በሰዓት አክባሪነት ነጥብ ይሰጣል፤ በዓመቱ መጨረሻም ብዙ ነጥብ ያገኘው ሃውስ ዋንጫ ይቀበላል። መምህሩ አስተያየታችንን የጠየቁን እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ ያለፍን ስለ ሆንን ነው። እኛም ዕቅዱን አመሰገንን፤ የነጥቡን ሰንጠረዥ እንኳ አብረን ተቀምጠን አስተካከልን። ያን ቀን የሰጠነው ምስጋና ያልታሰበበት እንደ ነበረ በኋላ ስለ ተረዳን ግን፣ ለመምህሩም ለትምህርት ጓደኞቻችንም ይህን ትችት ማቅረብ ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

ስለ ስሞቹ ጥቂት እንናገርና እንለፍ። ከተማይቱን በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩት ዐፄ ፋሲል ናቸውና በርሳቸው ስም አንከራከርም። ዐፄ ቴዎድሮስም የቋራ ልጅ እንደ መሆናቸው የጎንደር ወጣት ቢወዳቸው አያስደንቅም፤ ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው ያቃጠሉ እሳቸው ስለ ሆኑ፣ የፋሲልና የቴዎድሮስ ሃውሶች ለዋንጫ በሚጋጠሙበት ቀን የታሪክ መምህሩ ሳቃቸውን መቻል ያስፈልጋቸዋል። ዕቅዱ ሲመከርበት አንድ ሰው «ሴቶቹን ሁሉ ምንትዋብ ውስጥ ብናገባቸውስ?» ብለው እንደ ነበረም ሰምተናል። ይህ ሐሳብ ውድቅ መሆኑ መልካም ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ባንድ ክፍል አብረው የሚማሩት ልጆች በሜዳ ላይ ሁለት ትምህርት ቤት ይሆኑ ነበር፤ አገር ያስተዳደሩት እቴጌም የሴቶች ሰፈር ስም ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር።

እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ሃውሶቹ ድብልቅ ነበሩ። ሆኖም የሴቶች ሩጫ የሚታሰበው በግማሽ ነጥብ ነበር፤ አንዲት ልጅ 100 ሜትር አንደኛ ብትወጣ ለሃውሷ የምታመጣው፣ ሦስተኛ የወጣ ወንድ ከሚያመጣው አይበልጥም። ይህን በዚያን ጊዜ ማናችንም አልጠየቅንም፤ ሴቶቹም ቢሆኑ ጮክ ብለው አልጠየቁም። ከዚህ የበለጠ የሚቈጨን ነገር ግን ሌላ ነው። ከዱላ ቅብብል ቡድናችን አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረ። በአራተኛው ቀን የሃውሱ አለቃ ያፈላልገው ጀመር፤ የፈለገውም ውድድሩ ዐርብ ስለ ነበረና ሯጭ ስለ ጐደለበት ነው። ልጁ ብቻውን በሚኖርበት የኪራይ ክፍል ውስጥ በወባ ተኝቶ ተገኘ፤ ውሃ የሚያቀብለው ሰው እንኳ አልነበረውም። ሃውሳችን በዚያ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ ልጁ ግን የት እንደሚያድር እስከዚያ ቀን ድረስ ከሃውሱ ልጆች አንዱም አያውቅም ነበር። «ሃውስ» ማለት በእንግሊዝኛ ቤት ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከቃሉ ጋራ ነገሩ መምጣቱን ግን አልመረመርንም።

ነገሩ ከየት መጣ? በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1440 የተመሠረተው የኢተን ትምህርት ቤት በመሥራቹ በንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ሥርዓት የሚመገቡና በግቢው ውስጥ የሚያድሩ 70 ድኾች ተማሪዎች ነበሩት። ከነዚህ በቀር ያሉት ልጆች እየከፈሉ በከተማው ውስጥ በየሰው ቤት ያድሩ ስለ ነበረ «ኦፒዳን»፣ ማለት የከተማ ልጆች፣ ይባሉ ነበር። የሚያሳድሯቸውም ሴቶች «ዴም» ይባላሉ፤ በኛ አገር አነጋገር አከራይ እማማ ማለት ናቸው። የዛሬዎቹ የኢተን ሃውሶች የመጡት ከነዚያ የኪራይ ቤቶች ነው። ኋላም ቶማስ አርኖልድ እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1842 የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በነበሩበት ዘመን፣ ልጆቹ የሚያድሩባቸው ቤቶች ከአከራዮቹ እጅ ወጥተው በመምህራን ኀላፊነት ሥር እንዲሆኑ አደረጉ። ስለዚህ ሃውስ ከመነሻው የውድድር ቡድን አልነበረም። «ይህ ልጅ ማታ የት ነው ያለው? ማን ያበላዋል? ቢታመም ማን ይጠራል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ቀለሙና ዋንጫው በላዩ የተደረበ ነው። ተማሪዎቻቸው ከየወላጆቻቸው ቤት የሚመላለሱ ትምህርት ቤቶች ሥርዓቱን በተዋሱት ጊዜ ማደሪያው ቀርቶ ነጥቡ ብቻ ተረፈ፤ ማታ እናቱ ቤት የሚገባ ልጅ ሌላ ማደሪያ ስለማያስፈልገው በዚያ አገር ይህ ብዙ ጉዳት አላመጣም ይሆናል።

ወደ አገራችንም ሥርዓቱ ሲገባ መጀመሪያ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጋራ ነው የመጣው። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወንዶች ልጆች የሚያድሩባቸው ነበሩ። ለሴቶች ልጆች ደግሞ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1931 የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ወንድና ሴትን ባንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ማስተማር በእንግሊዝ አገር እንኳ ዘግይቶ የተደፈረ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው ቢዴልስ ሴቶችን የተቀበለው በ1898 ነበር። በአማራ ክልልም ዛሬ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አልጠፋም፤ በደብረ ብርሃን ያለው የኃይሌ ማናስ አካዳሚ ሁለቱንም በአዳሪነት ያስተምራል። እንዲህ ያለው ቦታ ግን ለተመረጡ ጥቂቶች ነው። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደምቢያና ከጭልጋ ገጠር ወደ ከተማ ለሚመጣው ብዙ ተማሪ የቀረው ኪራይ ቤት ነው።

ጎንደር ስለ ተማሪ ቤት ከኢተን መማር የሚያስፈልጋት ከተማ አይደለችም። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በ«ቤት» የሚቈጠር ነው፤ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እንላለን። የአቋቋም ምስክር የሚሆነው ከየአገሩ ጎንደር በአታ ይመጣ እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። በመጻሕፍት ትርጓሜም «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባሉት ሁለት ወገኖች የጎንደር ናቸው። ታች ቤት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋራ የተያያዘ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚሰማው ትርጓሜ የርሱ ነው። እነዚህ ሁለት ቤቶች የተፎካከሩት አንድን ቃል እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ ብለን እንፍታው በሚል ነገር ነው። የላይ ቤት ደቀ መዝሙር የታች ቤቱን «አንድም» ለመርታት አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ውድድር የሚወዱ መምህራን ይህን ቢያስቡበት ይጠቅማል፤ ከጥያቄና መልስ ጨዋታ ይልቅ ሁለት ሃውስ ስለ አንድ የታሪክ ሰነድ ሁለት ትርጓሜ ይዘው ቢከራከሩ የተሻለ ነበር።

የቈሎ ተማሪው አኗኗር ደግሞ ከነገራችን ጋራ ይበልጥ የተያያዘ ነው። ጎጆውን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በገዛ እጁ ይሠራል፤ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ በየመንደሩ ቁራሽ ይለምናል፤ ትልቁ ትንሹን ያስጠናል፤ የታመመ ካለ ጓደኛው ለሁለት ይለምናል። የኔታ ተማሪዎቻቸው የት እንዳደሩ አይጠይቁም፤ ያደሩት እዚያው ከደጃቸው ነውና። ይህን ስንል ያን ኑሮ ማስጌጣችን አይደለም። ረኃብና ቅማል፣ የመንደር ውሻና የትልልቆቹ ዱላ የታወቁ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ቤት የወንዶች ቤት ነበር። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ነገሩ እጅግ ብርቅ ስለ ነበረ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠለ ጊዜ ጣራውና መጻሕፍቱ ጠፉ፤ ጉባኤው ግን ሰዎቹ በተረፉበት እንደ ገና ተተክሏል። ቤቱ ግድግዳው አልነበረም፤ ማን ከማን ጋራ እንደሚያድርና ማን ለማን እንደሚጠየቅ የታወቀ መሆኑ ነበር።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንመለስ። መምህሩን ካየናቸው በሦስተኛው ቀን ሰሙና በር አጠገብ ከዳባት ገጠር የመጡ ሦስት ልጃገረዶች ባንድነት የተከራዩትን ክፍል ለማየት ዕድል አገኘን። ክፍሉ አንድ አልጋና አንድ መደብ ይይዛል። በግድግዳው ላይ ሦስት የትምህርት ቤት ልብስ በተርታ ተሰቅሏል፤ በጥጉ የበሶ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በከረጢት የታሰረ ድርቆሽና ሁለት ጄሪካን አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ተራው ሌሊት የደረሰ እንደ ሆነ አንዲቱ ተነሥታ ትቀዳለች፤ በማግሥቱም በክፍል ውስጥ የምታንቀላፋው እርሷ ናት። ስንቅ ሲያልቅ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ ሰኞ ጠዋት መኪና ከተገኘ በሁለተኛው፣ ካልተገኘ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይደርሳሉ።

ይህን ስንሰማ አፈርን። ከመምህሩ ጋራ ባስተካከልነው ሰንጠረዥ ውስጥ «ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ያልተገኘ ተማሪ ከሃውሱ 2 ነጥብ ያስቀንሳል» የሚለውን መስመር ያስገባነው እኛ ነበርን። ይህ ሕግ ቢሠራ ኖሮ እነዚህ ሦስት ልጆች በየወሩ ሃውሳቸውን ያስቀጡ ነበር፤ አባታቸው ቤት ያደሩት የከተማ ልጆችም «በናንተ ምክንያት ዋንጫ አመለጠን» ይሏቸው ነበር። ያለ ስንቅ መማር አይቻልምና ልጅቱ የምትቀጣው ለመማር ባደረገችው ጥረት ነው። ወንዱም ተከራይ ይህ ይደርስበታል፤ ነገር ግን እንጀራ የሚጋግርለት እኅት ወይም የአገር ልጅ ብዙ ጊዜ አያጣም። ስለዚህ አንዱ ሕግ በሁለቱ ላይ እኩል አይከብድም፤ አለቆቹን አንድ ወንድ አንዲት ሴት ማድረግም ይህን አያቃልለውም።

ከሦስቱ አንደኛዋ የነገረችን ነገር ከሐሳባችን አልጠፋም። ባለፈው ጥር ከጥምቀት በፊት ታላቅ ወንድሟ መጥቶ «እናታችን ታማለችና ተነሽ» አላት። አከራይቱ እማማ ከደጅ ሆነው ይሰሙ ነበርና ወንድምየውን ጠርተው፣ «ልጅቱ የሦስት ወር ኪራይ አለባት፤ ሳትከፍል ከግቢዬ አትወጣም» አሉት። ልጅቱ አንድ ብር ዕዳ አልነበረባትም። ወንድምየው ገንዘብ ሊያመጣ ሄዶ ሳይመለስ ሳምንት አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ፤ ፈተናውም ተፈተነ። እናትዮዋ አልታመሙም ነበር፤ የሰርግ ቀን ተቈርጦ ነበር። «እማማ ባይዋሹልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አታገኙኝም ነበር» አለችን።

በሕጉ በኩል የተጓደለ ነገር የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ የወሰነው 15 ዓመት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ ክልሉም በራሱ የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ተቀብሏል። ሆኖም ሕጉ ሰሙና በር ያለውን የኪራይ ክፍል በር አላንኳኳም። ያንኳኩት፣ ወይም በሩን የዘጉት፣ አሮጊቷ አከራይ ናቸው። ራግቢ ለመምህራን ካስተላለፈው ሥራ አንዱን እርሳቸው ማንም ሳይሾማቸውና ነጥብ ሳይቈጠርላቸው ሠርተውታል። አከራይ ሁሉ እንዲህ ነው አንልም፤ ማታ በር የሚቈልፍባቸው፣ መብራት የሚያጠፋባቸው፣ ከዚህም የከፋ የሚያደርስባቸው እንዳለ ከልጆቹ ሰምተናል።

ትምህርት ቤቱስ ስለ እነዚህ ልጆች ምን ያውቃል? መምህሩ በጎ ሰው ስለ ሆኑ የተማሪዎቹን መዝገብ ሳይደብቁ አሳዩን። «አድራሻ» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች «ጎንደር፣ ጎንደር፣ ጎንደር» የሚል ተጽፎበታል። አባቱ ፒያሳ ሱቅ ያለው ልጅም ጎንደር ነው፤ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ መጥታ ቸቸላ የተከራየችውም ጎንደር ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ስንቅ ያልደረሳቸው ልጆች እነማን እንደ ነበሩ ከዚህ መዝገብ ማወቅ አይቻልም ነበር። የመዝገቡ ጸሐፊ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

መንግሥት ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ማደሪያ ያዘጋጀበት ጊዜ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ተፈታኞቹ በየግቢው አድረው ተመግበዋል። ይህ የተደረገው ግን ፈተና እንዳይሰረቅ ነው። በዚያ ፈተና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሕዝቡ ደነገጠ፤ ስለ መምህራን ችሎታና ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ተፈታኞቹ የት እያደሩ እንዳጠኑ የጠየቀ ግን አልሰማንም። ለጥቂት ቀን ፈተና አልጋ ማሰናዳት ከተቻለ፣ ለአራት ዓመት ትምህርት ቢያንስ አልጋው የት እንዳለ መጠየቅ ከባድ አይመስለንም።

ስለዚህ የመምህሩን ዕቅድ የምንነቅፈው በውስጡ ስላለው ነገር ሳይሆን ስለ አመዳደቡ ነው። ሃውስ ይኑር፤ ተማሪው ግን በዕጣ መመደቡ ይቅርና በሚያድርበት ሰፈር ይመደብ። ማራኪ የሚያድሩ አንድ ሃውስ፣ ሰሙና በር የሚያድሩ አንድ ሃውስ፣ አዘዞ፣ ቸቸላ እንዲሁ። በየሃውሱ መዝገብ ከነጥቡ በፊት የክፍሉ ቦታ፣ የአከራዩ ስም፣ አብረው የሚያድሩት፣ የትውልድ ቀበሌውና ስንቅ የሚያመጣው ሰው ይጻፍ። ከወላጆቹ ጋራ የሚኖረው የከተማ ልጅም በዚያው ሃውስ ስለሚሆን፣ ጐረቤቱ የተከራየችው የክፍል ጓደኛው ሁለት ቀን ስትቀር መጀመሪያ የሚያውቀው እርሱ ይሆናል። የሃውስ አለቃ ሥራ ሯጭ መፈለግ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሰኞ ጠዋት የሚቀነሰው ነጥብም ይሰረዝ፤ ይህን የምንለው ያስገባነው እኛ ስለ ሆንን ያለ ሐፍረት አይደለም።

ይህን ስንነግራቸው መምህሩ ሦስት ነገር መለሱልን። አንደኛው፣ የሰፈር ሃውስ የሀብታምና የድኻ ሃውስ ይሆናል የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን በጎንደር ተከራይ የሌለበት ሰፈር ስለማናውቅ እጅግ አያስፈራንም። ሁለተኛው፣ የመምህር ደመወዝ ኑሮውን በማይችልበት በዚህ ዘመን ማታ የተማሪ ቤት የሚዞር አይገኝም የሚል ነው። ለዚህ መልስ የለንም፤ ጥቂት የክፍለ ጊዜ ቅናሽ ቢደረግላቸው ይሆናል ብለን አሰብን እንጂ ይበቃል ብለን አንሟገትም። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ወንድ መምህር በምሽት የሴት ተማሪዎችን ክፍል ቢያንኳኳ መንደሩ ምን ይላል? መንደሩ የሚለውም ሁልጊዜ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራው የሴቶች መምህራን ነው፤ በዚያ ትምህርት ቤት ግን ሴቶች መምህራን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ እነርሱም ማታ የሚጠብቃቸው የገዛ ልጆቻቸው አሉ። አከራዮቹን እማማዎች በወር አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ጠርቶ ቡና ማፍላትና ማወያየት ይቻላል ብለን ነበር። መምህሩ ሣቁና፣ «ለዋንጫው የተመደበው ገንዘብ ለቡናው ይበቃል» አሉን።

በማግሥቱ ልንሰናበታቸው ስንሄድ አራቱን የነገሥታት ስም ሰርዘው በሌላ ወረቀት ላይ ሰፈሮቹን ሲጽፉ አገኘናቸው። ከማራኪ አጠገብ የሁለት ሴቶች መምህራን ስም፣ ከአዘዞ አጠገብ የአንዲት ጽፈዋል፤ ሰሙና በርን ባለቤታቸው እዚያ ስለሚሠሩ በርሳቸው በኩል እንደሚይዙት ነገሩን። ቸቸላ ሲደርሱ ግን እዚያ የምትኖር አንዲትም መምህርት ስለሌለች ቦታውን ባዶ ትተውት ነበር።